ማድ ቤት ያልገባ መካሪ

በዚህች ትንሽ መጽሔት ላይ በየወሩ ስለ ጨው፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ውሃና ስለ ጭስ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርብላችሁ ከመጻሕፍትና ከሪፖርት ያገኘነውን ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው በገዛ ቤታችን ያየነውን ነው። ነገሩ ለጸሐፊው ክብር የሚጨምር አይደለም። ነገር ግን ሌላውን እየመከሩ የራስን ስሕተት ሸሽጎ ማለፍ የማይገባ መስሎ ስለ ታየን እንዲታተም ወስነናል።

ቀኑ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 26 እና 27፣ ቅዳሜና እሑድ ነበር። ፍልሰታ የሚገባው በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ነበረ ያቺ እሑድ የጾሙ መቀበያ ነበረች ማለት ይቻላል። እናታችን ዓርብ ማታ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ይዘው የመጡትም እንደ ልማዳቸው ለልጅ ልጆቻቸው የገብስ ቆሎ፣ ለቤቱ ደግሞ በገዛ እጃቸው ያዘጋጁትን በርበሬና ሽሮ ነው። እሑድ እኅታችን ከባሏና ከልጆቿ ጋር ለምሳ ተጠርታ ስለ ነበረ የዶሮ ወጡ ዝግጅት ከዋዜማው ጀምሮ ይታሰብ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ከቁርስ በፊት የእናታችንን የደም ግፊት ለካን። መለኪያው 172 በ100 አሳየ። ጥቂት ዐርፈው እንደ ገና ብንለካቸው ከዚያ ብዙም አልወረደም። 140 በ90 የደረሰ ሁሉ ሐኪም ሊያየው የሚገባ መሆኑን አንባቢዎቻችን ከዚህ ቀደም አንብበዋል። የታዘዘላቸውን መድኀኒት ይወስዱ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣

«እሱንማ ከተውኩት ሦስት ወር ሆነኝ። ምንም አላመመኝ፤ ሳያመኝ ምን አስዋጠኝ?» አሉ።

ይህ የእናታችን መልስ ብቻ አይደለም። በየጤና ጣቢያው በየቀኑ የሚሰማ መልስ ነው። የዚህ በሽታ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ለዓመታት ሲጎዳ ቈይቶ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱን አንድ ቀን እንኳ ሳያስጠነቅቀው ይጥለዋል።

በዚያን ጊዜ እኛ ያደረግነውን ስናስታውሰው ያሳፍረናል። መላውን ቤተ ሰብ ሰብስበን፣ ጨው በደም ሥር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በባሕር ማዶ ትምህርት ቤት የተማርነውን ያህል ቆመን አስረዳን። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ብቻ እንዲመገብ የሚመክር መሆኑን ተናገርን። በመጨረሻም «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ወጥ ውስጥ ጨው እንዳይገባ!» ብለን አዘዝን። ካዘዝንም በኋላ ወደ ሳሎን ተመልሰን ጋዜጣችንን ማንበብ ቀጠልን።

ለምሳ የቀረበው የምስር ወጥ ትእዛዛችን አንድ ሳይጎድል የተፈጸመበት ነበር። ታላቋ ልጃችን አንድ ጊዜ ጎርሳ እናቷን አየች። ታናሽ ወንድሟ «አባዬ፣ ይኼ የበሽተኛ ምግብ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናታችን ግን ዝም ብለው በሉ። እኛ ውሃ ልናመጣ ተነሥተን ስንመለስ ሁሉም ቀና ብለው በደስታ ሲበሉ አገኘናቸው፤ የጨው ዕቃውም በእናታችን ነጠላ ጫፍ ተሸፍኖ አየነው። ዕቃው ጧት ሙሉ እንደ ነበረ ባለቤታችን በኋላ ነገረችን። በዚያች አንድ ማዕድ ከአንገቱ በታች ወርዶ ነበር። እንግዲህ ጨው እንዳይበላ ያወጅንበት ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ብዙ ጨው የተበላበት ቀን ሆነ ማለት ነው። የሰው ምላስ ያነሰ ጨው ለመልመድ ሳምንታት የሚፈልግ መሆኑን ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል፤ በቤታችን ግን በአንድ ጧት እንዲለመድ ፈለግን።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ቤት ቀልድ ተወርቶ ባለፈ ነበር። የሚከተለው ግን ቀልድ አይደለም።

የቤታችን ማድ ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በተረፈው ቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት ብቻ ናት። ከሰኔ ጀምሮ ነፋስ ዝናቡን እየገፋ ያስገባባት ስለ ነበረ ባለቤታችን መስኮቲቱን በጆንያ ወትፋት ነበር። አናጢ መጥቶ በላይዋ ጥላ እንዲሠራላት ሁለት ጊዜ ነግራናለች፤ እኛም ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ ክረምቱ ይለፍ» ብለናታል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ። በ11 ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ። ለማግሥቱ የዶሮው ቁሌት ሊጀመር ስለ ነበረ፣ የኤሌክትሪኩ ምድጃ ሲቆም ድስቱ በከሰል ምድጃ ላይ ተጣደ። ቁሌት የችኮላ ሥራ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ሽንኩርቱ በገዛ ውሃው ቀስ ብሎ እስኪበስል ድረስ ሰዓታት ይፈጃል። ዝናቡ በበሩም እየገረፈ ሲገባ በሩ ተዘጋ። እናታችን፣ ባለቤታችንና የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ከውስጥ ነበሩ። እኛና ታናሹ ልጅ ሳሎን ውስጥ በሻማ ብርሃን ዳማ እንጫወት ነበር።

ብዙ ከቈየ በኋላ ባለቤታችን ቢላዋ ልትወስድ መጥታ ራሷን እንዳመማት ነገረችን፤ «የሽንኩርቱ ይሆናል» ብላም ተመለሰች። እኛም የሽንኩርቱ ይሆናል ብለን ዳማችንን ቀጠልን። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ የጤና መኰንን መሆናችንን ነው።

ጥቂት ቈይቶ የእናታችንን ጩኸት ሰማን። ሮጠን በሩን ስንከፍተው ጭስ አላየንም። የሚከረፋ ነገርም አልነበረም፤ የሸተተን መልካሙ የቁሌት ሽታ ብቻ ነበር። ከሰሉ ቀልቶ ያበራል። ልጃችን ከበርጩማዋ ወድቃ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ባለቤታችን ልታነሣት ጐንበስ ብላ ራሷ መነሣት አቅቷታል። እናታችን ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ልጅቱን ተሸክመን ወደ ዝናቡ ወጣን፤ ሁለቱንም እየሳብን አወጣናቸው። ልጃችን ዐይኗን የገለጠችው በረንዳው ላይ ካስተኛናት በኋላ ነው። በእጃችን ሳለች ያለፉት ጥቂት ደቂቃዎች ምን ያህል ረዥም እንደ ነበሩ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጎረቤቶች ደረሱ። አንዷ ጤና አዳም፣ ሌላዋ ወተት ይዛ መጣች። አሳባቸው የፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ወተትም ሆነ ጤና አዳም ለዚህ ነገር የሚሠሩት አንዳች ሥራ የለም። ያዳናቸው የተከፈተው በርና፣ አንድ ጎረቤት መኪናውን አውጥቶ ሦስቱንም ወደ ሕክምና ማድረሱ ነው። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ኦክስጅን ሲሰጣቸው ዐደረ። እናታችንን ያየው ሐኪም የተዉትን የግፊት መድኀኒት እንዲቀጥሉ አዘዘላቸው፤ ከእኛ ንግግር ይልቅ የእሱን አንድ ቃል ሰሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናታችን በመኪናው ውስጥ እንዲህ አሉን፤ «ከሰሉ እኮ ቀልቶ ነበር። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቈይተን ነው ያስገባነው።»

ይህ እምነት በሀገራችን እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ጥቂት ልናብራራው ይገባናል። ሰው የሚፈራው የሚታየውንና ዐይን የሚያቃጥለውን ጭስ ነው። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን አየር በማይበቃበት ስፍራ የሚነድ ከሰል፣ ቀይ ሆኖ ሲያበራም ቢሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ አያስለቅስም፤ አያስነጥስም። ከትንፋሽ ጋር ገብቶ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በበለጠ ኀይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ አየር ይራባሉ። ምልክቱ የራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው፤ ሰው ይህንን የድካም፣ የብርድ ወይም፣ እንደ እኛ ቤት፣ የሽንኩርት ያደርገዋል። አብረው የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ግን ሌላ ምክንያት አይፈለግ፤ በሩን ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያም ምንም እንኳ የተሻለ ቢመስል ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይጐዳሉ። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃንም ከእርሷ ከፍ ትላለች። በደጋው አየሩ ራሱ ስስ ስለ ሆነ ለዚህ ጋዝ የምንተርፈው ትርፍ የለንም። ከሁሉ የሚያሠጋው በክረምት ሌሊት ብርድ ለመከላከል ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው የከሰል ምድጃ ነው፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማውምና።

የሚታየውም ጭስ ቢሆን የዋዛ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚመጣ የአየር መበከል በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ230 ሺህ የሚበልጡት ዐምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሕፃናቱ ለምን ቢባል፣ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ምድጃው አብረው ስለሚገቡ ነው።

እሑድ ጧት ሁሉም ተኝተው ሳሉ ብቻችንን ማድ ቤት ገብተን ተቀመጥን። የምንጽፈውን ለሚያነቡ ሰዎች ሁሉ የምንናዘዘው ነገር ቢኖር፣ በዚያ ቤት ከተቀመጥን ወዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ የቈየንበት የመጀመሪያው ቀን ይህ መሆኑን ነው። ጣራው በጥቀርሻ ጠቁሯል። ማጠቢያው በር አጠገብ ስለ ሆነ አንዱ ሲያጥብ ሌላው መውጣት አይችልም። ጨው ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ፣ ዘይት ከፀሓይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ይህ ሁሉ የባለቤታችን ጥፋት እንዳይመስል፤ ሌላ መደርደሪያ የለምና ነው። በአንጻሩ ሳሎናችን ከዓመት ዓመት ሰው ሳይቀመጥበት የሚውል ሶፋ አለው፤ ዋጋውም ለማድ ቤቲቱ ሁለት መስኮት፣ የጭስ መውጫና መደርደሪያ አሠርቶ የሚተርፍ ነበር።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ስለ ምግብ ስንጽፍ «እናቶች ሆይ» ብለን እንጀምራለን። በግድግዳ ላይ በምንለጥፈው ሥዕል ድስት አጠገብ የምትታየው ሁልጊዜ ሴት ናት። ይህን ጨምሪ፣ ያንን ቀንሺ፣ መስኮት ክፈቺ እንላታለን። መስኮቱ እንዲኖር ወይም እንዳይኖር የወሰነው ግን እርሷ አይደለችም። ቤት ሲሠራ ማድ ቤት በመጨረሻ፣ በተረፈው ቦታ፣ በተረፈው ቆርቆሮ፣ በተረፈው ገንዘብ የሚሠራው በአባወራው ፈቃድ ነው። ምክሩን ለአንዱ፣ ገንዘቡን ለሌላው ሰጥተን፣ ምክሩ አልተፈጸመም ብለን በሪፖርታችን ላይ እናዝናለን። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የተሠማሩት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ በያዙት ቦርሳ ብዙ ሥራ የሠሩት፣ ከእኛ ይልቅ የተማሩ ስለ ነበሩ አይደለም፤ በሩን አንኳኩተው እስከ ምድጃው ድረስ ስለ ገቡ ነው። እኛ በጽሕፈት ቤት ሆነን የምንጽፈው ግን በሳሎን ይነበብና እዚያው ይቀራል።

መምህራንንም የምንለምናቸው ነገር አለ። ትምህርት ሲከፈት ስለ ምግብና ስለ ምድጃ የሚሰጠው ትምህርት ለሴቶች ልጆች ብቻ የሚነገር እንዳይሆን ነው። ነገ ቤት የሚሠራው፣ ምድጃ የሚገዛው ያ በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ የሚስቀው ወንድ ልጅ ነውና።

ወደ እሑዳችን እንመለስ። እኅታችን ጥሪው ለጥየቃ እንደ ተለወጠ ሰምታ በጧት መጣች፤ ሆኖም በዚያ ቤት የሚበላ ነገር የሚሠራ ጤነኛ ሰው ስላልነበረ፣ ሽርጥ አጥልቀን እኛው ገባን። የእኅታችን ባል ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አነሣን። እናታችን በረንዳው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠው ስለ ነበረ ሁሉን ያያሉ፤ እንዲህም ሲሉ ጠየቁን።

«እዚያ አገር ሳለህ ማን ያበስልልህ ነበር?»

«እኔው ነበርኩ እማዬ።»

«ታዲያ እዚህ ስትመለስ እጅህን ምን ነካው?»

መልስ አልነበረንም። በባሕር ማዶ ሳለን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ለራሳችን ስናበስል ቈይተን፣ ወደ ሀገራችን ከተመለስን ወዲህ ማማሰያ ጨብጠን አናውቅም።

መብራት ተመልሶ ስለ ነበረ ከሰል አላስፈለገም። በመጀመሪያ ደረጃ የእናታችንን እጅ መመዘን ፈለግን። ለአንድ ድስት የምስር ወጥ እንደ ልማዳቸው የሚጨምሩትን ጨው በእጃቸው እንዲሰጡን አድርገን በባለቤታችን የኬክ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 18 ግራም ሆነ። ለዐምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ3 ግራም ተኩል በላይ ይደርሳል፤ ይህም የአንዱ ማዕድ የአንዱ ወጥ ብቻ ነው። ቁጥሩን ስንነግራቸው እናታችን አልተቈጡም። ትናንት የነገርናቸው ክልከላ ነበር፤ ዛሬ ያዩት ግን የገዛ እጃቸውን መጠን ነው። ዝቅ ብለው ሚዛኑን አዩና፣

«በርበሬው ውስጥ ያለውንስ ቈጥረኸዋል?» አሉን።

አልቈጠርነውም። በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ጨው እንደሚገባበት፣ ሽሮውም እንዲሁ ጨው እንዳለበት፣ በየማድ ቤቱ የሚታወቀውን ነገር የእኛ መጽሐፍ አልነገረንም ነበር። ከደብረ ብርሃን በቦርሳ የመጣው ጨው ሳይቈጠር በድስቱ ውስጥ ሌላ ጨው ይጨመርበት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ለሽሮው ምንም እንዳንጨምርበት፣ ለምስሩ ደግሞ ከተመዘነው ሲሶውን ብቻ እንድናደርግ፣ እሱንም ወጡ ሊወጣ ሲል እንድንጨምረው እናታችን ራሳቸው ፈረዱ። መጨረሻ ላይ መጨመሩ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ ለእንቅርት መከላከያ ተብሎ በጨው ውስጥ የሚገባው አዮዲን በረዥም እሳት ይቀንሳልና። ዕቃውም ክዳን ያለው ሆኖ ከእሳትና ከእርጥበት መራቅ አለበት። የጐደለውን ጣዕም እናታችን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮሰረት ሞሉት። እኛም የሎሚ ጭማቂ ጨመርን፤ ይህንን አልወደዱትም።

ዘይቱ ሌላ ነገር አሳየን። በዚያ ብርድ ከጠርሙሱ አልወርድ ብሎ ረግቶ ነበር። የፓልም ዘይት ከሙሉው ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለ ሆነ ነው፤ ይህም ቅባት ሲበዛ የደም ሥርን ያደነድናል። የኑግ ዘይት በዚያው ብርድ አይረጋም። ዋጋው የማይቀራረብ መሆኑን እናውቃለን፤ ከደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ ኑግ ይግዛ ብለን አንጽፍም። ነገር ግን ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በገዛ ውሃው ቢበስል፣ ዘይቱም ከጠርሙሱ እንደ መጣ ሳይፈስ በማንኪያ ቢለካ፣ ከተለመደው ግማሹ እንደሚበቃ በዚያን ቀን በዐይናችን አይተናል። ለቤተ ሰቡ ኪስም ቢሆን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎመኑን ከትፈን ልናጥብ ስንል ባለቤታችን ከአልጋዋ ሆና ከለከለችን። ቅጠሉ ከመከተፉ በፊት መታጠብ አለበት። ተከትፎ ከታጠበ ግን ጠቃሚው ነገር ከውሃው ጋር ይፈስሳል። የተቀቀለበትንም ውሃ መድፋት ያው ነው። ምስሩን ደግሞ ከዋዜማው ባለመዘፍዘፋችን ተቀጣን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ ጥራጥሬ ከቈላው አገር ይልቅ ረዥም ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቢያድር ግን ማገዶውም፣ ከምድጃው ፊት የሚቆመው ሰው ድካምም ይቀንስ ነበር። ዶሮውን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። ቁሌቱ በሌሊቱ ሁካታ አርሮ ስለ ነበረ ተደፋ፤ ዶሮውም ለማግሥቱ ቈየ።

ምሳው በ8 ሰዓት ቀረበ። ጣፋጭ ነበር ብንል ሐሰት ይሆናል። ሽሮው ጓጉሏል፤ ምስሩም በጥርስ ይሰማ ነበር። ልጃችን ግን ከሌሊቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቀመሰች። ታናሹም የበሽተኛ ምግብ ነው ሳይል ጨረሰ። የጨው ዕቃው በማዕዱ መካከል በግልጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኅታችንና ባሏ ወሰዱበት፤ እናታችን አልነኩትም። ከበሉ በኋላ ቡና ተፈላ፤ በረንዳው ላይ፣ በክፍት አየር። ቡናውን ከምግቡ ጋር አያይዘን ባንጠጣው የሚሻል መሆኑን፣ በእንጀራውና በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ቡናና ሻይ የሚያግዱት መሆኑን ልንናገር አፋችንን ስንከፍት ባለቤታችን አየችን፤ ተውነው። ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይነገርም።

ሰኞ አናጢ መጣ። ጥላ ተሠራ፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ሁለተኛ መስኮት ተቈረጠ፤ ከምድጃው በላይም ጭስ ማውጫ ገባ። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። «ክረምቱ ይለፍ» ያልነው ለዚህ ነበር።

እናታችን ፍልሰታን ከእኛ ጋር ጾመው፣ መድኀኒታቸውንም ሳያጓድሉ ወስደው፣ ከመሄዳቸው በፊት ስንለካቸው 146 በ88 ሆኖ ተገኘ። የመድኀኒቱ ነው ወይስ የጨው መቀነሱ ብሎ ለሚጠይቀን፣ ሁለቱም በአንድነት ስለ ተደረጉ መለየት አንችልም፤ መለየትም አላስፈለገንም። አውቶቡስ ተራ ስንሸኛቸው ለራሳቸው የሚሆነውን በርበሬ ከእንግዲህ ያለ ጨው ለብቻ እንደሚያዘጋጁ ነገሩን። በሩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው፣

«በርበሬው በጥቅምት ይሰጣል። መጥተህ ታግዘኛለህ ወይስ ጽፈህ ትልክልኛለህ?» አሉን።